ዕቁብ ፍለጋ ከድሬዳዋ እስከ አቃቂ

ከአቃቂ ከተመለስኩ ጀምሮ በመሥሪያ ቤትም በሰፈርም የሚጠይቀኝ በዛ። «ደግሞ አቃቂ ምን አለ?» ይላል አንዱ። «ሰው ለትምህርት ሞስኮ ይሄዳል፣ አንቺ ጭቃ ውስጥ ገብተሽ መጣሽ» ይላል ሌላው። ለእያንዳንዱ ስመልስ ጉሮሮዬ ደረቀ። ነገሩም ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እንዳይበላሽብኝ ስለሰጋሁ የየቀኑን እንደሆነው ጽፌዋለሁ። አቃቂን አይታችሁ የማታውቁ፣ ምናልባትም መቼም የማታዩ፣ ከአጠገቤ ወንበር እንዳላችሁ ቁጠሩትና እንሂድ።

ለማያውቀኝ፣ ሂሩት እባላለሁ። ድሬዳዋ ባንክ ውስጥ የቁጠባ መስኮት ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። አምና መሥሪያ ቤቴ ፈቅዶልኝ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪ ጀመርኩ። ትምህርቱ የገንዘብና የባንክ ጥናት ነው፤ ሰዉ ባጭሩ ፋይናንስ ይለዋል። የመጀመሪያው ዓመት በክፍል ውስጥ አለቀ፤ የቀረው ምርምር ነው። ርዕሴን ከመስኮቴ ነው ያመጣሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ደመወዝተኛው ባንኩን አልፎ ዕቁቡ ጋ ሲሄድ አይ ነበር። ለምን?

አማካሪዬ ከሲታና ቁጥብ ሰው ናቸው። ርዕሱን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰው ስለ ገንዘቡ ለእንግዳ እውነት አይናገርም» አሉኝ። «ግን ሞክሪ። በማያውቁሽ አገር ሃያ ሰው በትክክል ከመለሰልሽ ርዕሱን አጽድቄ እፈርማለሁ። አለዚያ የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ይዘሽ ሠንጠረዥ ትገለብጫለሽ።»

የማቀርብበት ቀን ተቆርጧል፤ የነሐሴ ሁለተኛው ሰኞ። ክረምቱን ድሬዳዋ ስሠራ ከርሜ የሰባት ቀን ፈቃድ አገኘሁ። አቃቂን የመረጥኩት ፋብሪካ ስላለበትና እዚያ ማንም ስለማያውቀኝ ነው። የቢሯችን ተላላኪ ወሎዬው ሰይድ፣ አቃቂ ላለች እህቱ ደብዳቤ ጻፈልኝ። የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ አወጣሁ፤ ስልሳ ቅጽ በስቴንስል አባዝቼ በካርቶን አሰርኩ። እውነቱን ልናገር፣ ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ።

ማክሰኞ

ባቡሩ ከድሬዳዋ በጠዋት ተነሣ። ፉርጎው ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊቴ ወፈር ያሉ፣ ዲሪያ ቀሚስ የለበሱ ሴትዮ ሁለት ጓደኞቻቸውን ግራና ቀኝ አስቀምጠው ይጫወታሉ። ካርቶኔን አዩና፦

«የት ነው አቦ፣ ይሄን ሁሉ ወረቀት ተሸክመሽ?» አሉኝ።

«አቃቂ። ተማሪ ነኝ።»

«ምንድን ነው የምትማሪው?»

«ፋይናንስ።»

ሦስቱ ሴቶች ተያዩ። አንዷ ከእግሯ ሥር ያለውን ጥቅል በተረከዟ ወደ ኋላ ገፋችው። ሴትዮዋ ቀስ ብለው፣ «ሴትም መቅጠር ጀመሩ?» አሉ።

ያኔ ገባኝ። ለእኛ ለድሬዎች ፊናንስ ማለት ኮንትሮባንድ የሚፈትሸው ዘበኛ ነው። እስከ ሚኤሶ ድረስ ለሦስት ሰው የሚበቃ ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሲብስብኝ ካርቶኑን ፈትቼ ቅጹን አሳየኋቸው።

«እዩት! ፈታሽ አይደለሁም። ስለ ዕቁብ ነው የማጠናው።»

«ስለ ዕቁብ?» ሴትዮዋ ሳቃቸው መጣ። «ዕቁብም ይጠናል? እኔ እያለሁልሽ!» ብርቱካን ልጠው አጎረሱኝ። ከዚያ እስከ አዋሽ አፋቸው አልተዘጋም፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሴሚስተር የበለጠ ተማርኩ። እውነተኛው ፊናንስ ሚኤሶን እንዳለፍን ገብቶ ወንበር ለወንበር ሲፈትሽ፣ «ይቺ ተማሪ ናት፣ አትነካኳት» አሉት። ከወረደ በኋላ ብድግ በይ ሲሉኝ ነው ሦስት ጣቃ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ እንደነበር ያወቅኩት። አልተቆጣሁም። ለነገሩ ወንበሩ ተመችቶኝ ነበር።

አዋሽ ላይ ሞተሩ ተበላሸና እዚያው እደሩ ተባልን። ጣቢያው አጠገብ ያለው ሆቴል በረንዳው ላይ የሽቦ አልጋ ዘረጋልን። ሙቀቱ የድሬ ሙቀት ስለሆነ አገሬን የለቀቅኩ አልመሰለኝም። ፍልሰታ ስለነበር በሽሮና በሎሚ እራቴን በላሁ። ሴትዮዋ ከእኔ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ ጥቅላቸውን ተንተርሰው አንኮራፉ።

ረቡዕ

ከአዋሽ ስንወጣ አገሩ መለወጥ ጀመረ። ናዝሬት ላይ ነጠላዬን ደረብኩ። ሞጆ ላይ ሹራብ ፈለግኩ። ደብረ ዘይትን ስናልፍ የፉርጎው መስታወት በጉም ተሸፈነ፤ ነሐሴ ማለት ይሄ መሆኑን ረስቼው ነበር። እኛ ጋ ዝናብ እንግዳ ነው፤ መጥቶ፣ አሸዋውን አጥቦ፣ ጎርፉን አምጥቶ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሄዳል። አቃቂ ዝናቡ የቤት ሰው ነው። ተቀምጦ ይውላል።

ጣቢያው ላይ ስወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ ጭቃው ነው። ጥቁር ነው፣ ሙጫ ነው። እኔ ደግሞ በሰንደል ጫማ ነኝ! ሦስተኛው እርምጃ ላይ የቀኝ እግሬ ወጣ፣ ጫማው ቀረ። ካርቶኑን በራሴ ላይ እንደያዝኩ በአንድ እግሬ ቆምኩ። አንድ ባለጋሪ ፈረሱን አቁሞ አየኝና፣ «እሱን አትፈልጊው፤ ለልጅ ልጆችሽ ነው የሚወጣው» አለኝ። ጋሪው ላይ አወጣኝ። የእህትየዋን ቤት ስነግረው ያውቀዋል፤ ወሎ ሰፈር ነው አለ። ሒሳብ ስሰጠው፣ «ጫማሽን ከፍለሻል» ብሎ እንቢ አለኝ።

የሰይድ እህት እትዬ ዘምዘም በር ላይ ቆመው ነበር። ባለቤታቸው የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ይነዳሉ፤ በዚያ ሳምንት አልነበሩም። ደብዳቤውን ከመቀበላቸው በፊት እግሬን አዩ።

«አብሽሪ የኔ አበባ፣ ጭቃው ያልወሰደው የለም» አሉና ሙቅ ውኃ በሳህን አቅርበው ባዶ እግሬን በእጃቸው ማጠብ ጀመሩ። አፈርኩ። እንቢ ብልም አልሰሙኝም።

እራት ሲቀርብ ሽሮው ለብቻው በትንሽ ድስት ነው። «ጾምሽ ነው አይደል? የእኛ ድስት ሥጋ ነክቶታል። ይሄን ከክርስቲያን ጎረቤቴ ተውሼ ነው የሠራሁልሽ» አሉኝ። በአገሬም ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ኗሪ ነው። ግን ድስት ድረስ ያሰበልኝ ሰው አላስታውስም። የባላቸውን የጎማ ቦት ጫማ ሰጡኝ፤ ሁለት ካልሲ ለብሼም ሰፋኝ።

ሐሙስ

በፋብሪካው ሳይረን ነቃሁ። ድሬም የፋብሪካ ሳይረን አለን፤ የአቃቂው ግን ከዝናቡ ጋር ሲደባለቅ የሚያለቅስ ይመስላል። በዚያ ትልቅ ጫማ እየተንገዳገድኩ ቀበሌ ሄድኩ።

ሊቀ መንበሩ ሽጉጥ የታጠቁ ጎልማሳ ናቸው። ፈርቼ ገባሁ፤ ሰውዬው ግን ተጫዋች ነበሩ። የዩኒቨርሲቲውን ማኅተም ሁለቴ አዩና፦

«ጓዲት፣ ለሳይንስ የማንተባበርበት ምክንያት የለም። ስንት ሰው ትፈልጊያለሽ?»

«ሃያ ቢሆንልኝ…»

«ነገ ከሰዓት አርባ እሰበስብልሻለሁ!»

ልበር ደረስኩ! በአንድ ቀን አርባ! ከቀበሌው እየሮጥኩ ወጣሁ፤ ማለቴ፣ ያ ጫማ የፈቀደውን ያህል ሮጥኩ።

ቀኑ ስለተረፈኝ የሰፈሩን የዕቁብ ዳኛ ልተዋወቅ አልኩ። አቶ በርጋ ይባላሉ፤ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው አቃቂ ሱቅ ከፍተው ያረጁ ናቸው። ሱቃቸው ከጨው እስከ አንሶላ ይሸጣል። ደንበኛ ሞልቷል። እኔም በደስታዬ እንደሞቅሁ ከበሩ ሆኜ፦

«ጋሼ፣ አንተ ነህ የዕቁቡ ዳኛ?» አልኩ።

ደንበኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አቶ በርጋ ጨው የሚመዝኑበትን እጃቸውን እንኳ አላቆሙም።

«እዚህ ጨው ነው የሚሸጠው» አሉ። «ቀጣይ!»

የተናደዱት ዕቁብን ስላነሣሁ መሰለኝ። ባልፈልጋቸውስ? ነገ አርባ ሰው አለኝ።

ዓርብ

እትዬ ዘምዘም የዓርብ ሶላታቸውን ሰግደው እንደጨረሱ እኔ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ሄድኩ። ሰዉ ቀድሞኝ ተቀምጧል። ሊቀ መንበሩ መድረኩ ላይ ወንበር ይዘው፣ «ጓዶች፣ ለምርምር ነውና በግልጽ መልሱ!» ብለው አዘዙ። እኔ እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ። ማንበብ የሚችለው ራሱ ይሞላል። ስም፣ ሥራ፣ ዕቁብ አለዎት ወይ፣ የት ይቆጥባሉ። ሁለት ሰዓት አልፈጀም። አርባ ቅጽ! እጄ ቀለም በቀለም ሆነ። ሊቀ መንበሩን አመስግኜ በዝናብ ውስጥ እየዘፈንኩ ተመለስኩ።

ወዲያው እትዬ ዘምዘም እሳት ዳር ቁጭ ብለው ቅጾቹን ልያቸው አሉኝ። በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ከተማሩ ገና ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ያገኙትን ሁሉ ድምፅ አውጥተው ያነብባሉ። በጣታቸው እየተከተሉ ጀመሩ።

«ዕቁብ… አለዎት? የለኝም። ቢኖረኝ… በመንግሥት ባንክ… አስቀምጥ ነበር።» ሌላ አነሡ። «ዕቁብ አለዎት? የለኝም። ቢኖረኝ በመንግሥት ባንክ…» ሦስተኛውን አነሡ። «ስም፣ ዘነበች። ሥራ፣ ፈታይ። ዕቁብ አለዎት? የለኝም…»

ወረቀቱን ጭናቸው ላይ ጥለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ምነው?» አልኳቸው።

«ዘነበች እኮ የዕቁባችን ጸሐፊ ናት!»

እትዬ ዘምዘም ሳቃቸውን ዋጡና እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ሊቀ መንበሩ ፊት ገንዘብ አለኝ የሚል ማን አለ? የእናት አገር መዋጮ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠራው አለኝ ያለው ነው። ስምም ጽፈሽበታል።»

«እሺ፣ አቶ በርጋስ ለምን ገፋኝ? እዚያ ሊቀ መንበሩ አልነበረም!»

«ምን ብለሽ ጠየቅሻቸው?»

ነገርኳቸው። አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። «ሽማግሌውን አንተ አልሻቸው? ሰው መሐል?» ከዚያ ፈገግ አሉ። «እኔንም እኮ አንቺ ስትይኝ ሦስት ቀንሽ። ሰይድም ከድሬ ሲመጣ እንዲያ ነው፤ ያገራችሁ አፍ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

እውነታቸውን ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ሽማግሌውም ዳኛውም ሕፃኑም አንተ ነው፤ ማንም አይቀየምም። አዲስ አበባ ዓመት ብማርም አፌ ከዚያ አልወጣም። ሦስት ቀን ሙሉ እግሬን ያጠቡልኝን ሴት ስሰድብ ከርሜአለሁ! ያን ማታ አንቱታን እንደ ሕፃን ተለማመድኩ። «ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ» እያሉ አስደገሙኝ።

ተኝቼ ግን የማስበው ስለ አርባው ቅጽ ነው። አማካሪዬ ያሉት ሃያ ነው። የእኔ እጥፍ ነው። ማን ያውቃል? ሰኞ ብሰጣቸው ይፈርማሉ፤ ዲግሪዬም ይቀጥላል። ይሄን እያሰብኩ በራሴ አፈርኩ፤ ደግሞ ማሰቡን አልተውኩም።

ቅዳሜ

የአቶ በርጋ ሱቅ ሳይከፈት ደረስኩ። ሳንቃውን ሲያነሡ ሁለት እጄን አጣምሬ ቆሜ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። ከትናንት ወዲያ በድሬዳዋ አፍ ተናገርኩዎት። እኛ ጋ አንቱ የሚባል የለም፤ ሁሉም አንተ ነው።»

አቶ በርጋ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከእትዬ ዘምዘም ባል የተዋስኩት ጫማ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ።

«እግዚአብሔርንስ ምን ትሉታላችሁ?»

«አንተ።»

«እሱንማ እኛም አንተ ነው የምንለው» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው እንዴት ያምራል! «ግቢ፣ ብርድ ላይ አትቁሚ። ቀበሌው ነው የላከሽ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ አዳራሹ፣ ስለ አርባው ውሸት፣ ስለ ሰኞ። አልዋሸሁም፤ ውሸት በሳምንቱ በዝቶብኛል። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ጣታቸውን አነሡ።

«ነገ ዕቁባችን ይሰበሰባል። ወረቀት የለም። እርሳስ የለም። ስም የለም። የሰማሽውን በሆድሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ያም ጸሐፊዋ ከፈቀደች ነው።»

ዘነበችን በፈረቃ መቀያየሪያ ሰዓት ፋብሪካው በር ላይ ጠበቅኳት። ሴቶቹ ሲወጡ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አለ፤ በረዶ የዘነበባቸው ይመስላሉ። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፈጣን አረማመድ ያላት ሴት ናት። ገና ከሩቅ አየችኝና፦

«የትናንቷ! ዛሬ ደግሞ ምን ልዋሽልሽ?» አለች።

ሁለታችንም ሳቅን። አብረን ወደ ሰፈር ስንሄድ እሷ በኮንጎ ጫማ ጭቃውን እንደ አስፋልት ትረግጠዋለች፤ እኔ በቦት ጫማ እንሸራተታለሁ። ክንዴን ያዘችልኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የልብስ ስፌት መኪና ስትመኝ እንደኖረች፣ ዕጣዋ ሲወጣ ገዝታ የሌሊት ፈረቃን እንደምትገላገል ነገረችኝ። የምትገዛውን መኪና ሳሪስ አንድ ሱቅ ውስጥ አይታዋለች፤ ደመወዝ በተቀበለች ቁጥር ሄዳ ታየዋለች።

«ነገ ነይ» አለችኝ ቤቷ በር ላይ። «ግን ጥያቄሽን ተይና ተቀመጪ። ሰው ሲቀመጥ ነው የሚያወራው።»

እሑድ

ዕቁቡ ከአቶ በርጋ ሱቅ ጀርባ ባለ ክፍል ውስጥ ተሰበሰበ። የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ባለጋሪ፣ ባለሱቅ፣ የወሎ ሾፌሮች ሚስቶች። በቁጥር ሠላሳ ይሆናሉ። ሻይና ዳቦ ዞረ። ዘነበች ደብተሯን ይዛ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ባዶ እጄን ነኝ፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

እንዳለችኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እውነትም ሰው ሲቀመጥ ያወራል። ከጎኔ ያለችው ሴት ሳልጠይቃት፣ «ባንክ ገንዘቤን ይይዝልኛል፤ እኔን ግን አይዘኝም። እዚህ ሳልመጣ ብቀር ቤቴ ድረስ ይመጣሉ» አለችኝ። አንድ ባለጋሪ፣ «ባንክ ካስቀመጥኩ አወጣዋለሁ። እዚህ ሰው ስለማፍር አላወጣም» አለ። በየአፉ የሚወጣው ለእኔ እንደ ማር ነበር። ዘጠኝ ሰው አወራኝ። ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ የሰማሁትን እደግማለሁ፤ የሚያየኝ ዳዊት የምደግም ይመስለው ነበር።

ዕጣው ተጠቅልሎ ብርጭቆ ውስጥ ገባ። አቶ በርጋ ነቅነቅ አድርገው አንዱን አወጡና ፈቱት።

«ዘነበች!»

እልልታው ቤቱን ሞላው። ዘነበች በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። እኔም አብሬ ጮህኩ፤ ስፌት መኪናውን ያየሁት ያህል ሆንኩ። ጭብጨባው ሲበርድ ዘነበች ቀና ብላ በር አጠገብ የተቀመጡትን ሽማግሌ አየች። ጋሽ ቱፋ ይባላሉ፣ የፋብሪካው ዘበኛ ናቸው። ሐሙስ ዕለት ዝናቡ የቤታቸውን አንዱን ግድግዳ ጥሎባቸዋል፤ ልጆቻቸውን ሸራ ሥር አስተኝተዋል። ሰዉ ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ግን አንድ ቃል አልጠየቁም። ዳቧቸውን ይዘው መሬት መሬት ያያሉ።

«ጋሽ በርጋ» አለች ዘነበች፣ «የዛሬው ለጋሽ ቱፋ ይሁን። እኔ በእሳቸው ተራ እወስዳለሁ።»

ጋሽ ቱፋ ብድግ አሉ። «አይሆንም! ልጄ፣ ሁለት ዓመት ጠብቀሻል።»

«የእኔ መኪና ሱቅ ውስጥ ነው ያለችው፤ ዝናብ አይመታትም» አለች ዘነበች። «ይቀበሉኝ።»

ሽማግሌው በኦሮምኛ መረቋት፤ ድምፃቸው ሲቆራረጥ እትዬ ዘምዘም ቀጠሉላቸው። ዘነበች ደብተሯ ላይ አንድ መስመር ሰርዛ ሌላ ጻፈች። በቃ። ዳቦው እንደገና ዞረ።

እኔ ግን ዳቦው ሲደርሰኝ ሳልነካ አሳለፍኩት። በትምህርታችን የመጀመሪያው ሳምንት የተማርነው አንድ ነገር ነው፦ ዛሬ የተገኘ ብር ከነገው ብር ይበልጣል፤ ማንም ሰው የዛሬውን በነገ ሲለውጥ ዋጋ ይጠይቃል። ወለድ የሚባለው እሱ ነው። ፈተና ላይ ደርሶኝ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። ይቺ ሴት አሁን ፊቴ ላይ በነጻ ለወጠችው! ቅጼ ላይ ሃያ ሁለት ጥያቄ አለ፤ ይሄን የሚጠይቅ አንድም የለም።

ሳይጠፋብኝ ልጽፈው ወደ ቤት ሮጥኩ። የዘጠኙን ሰው ቃል ጮክ ብዬ እየደገምኩ ስሮጥ ድልድዩ ጋ ተንሸራትቼ በቁመቴ ጭቃው ውስጥ ተዘረጋሁ። ተኝቼም መድገሜን አላቆምኩም። ያነሡኝ ሁለት ሴቶች፣ «ምስኪን፣ እያነበነበች ነው» ሲባባሉ ሰማሁ።

ሰኞ

ከአቃቂ ሳሪስ የሄድኩት በውይይት ታክሲ ነው። እኛ ጋ ስለሌለ ልንገራችሁ፦ ጀርባው ላይ ትይዩ አግዳሚ ያለው መኪና ነው፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ስለሚፋጠጥ እንደ ቀበሌው ስብሰባ ውይይት አሉት። ልዩነቱ እዚህኛው ላይ ሰው በእውነት መወያየቱ ነው። ካሊቲ ኬላ ላይ ፍተሻ ነበር። ወታደሩ ካርቶኔን አስፈታኝና አንዱን ቅጽ አንብቦ፣ «እኔን ለምን አትጠይቂኝም?» አለኝ። ከሳሪስ በከተማ አውቶቡስ ተጋፍቼ አራት ሰዓት ላይ አማካሪዬ ቢሮ ደረስኩ።

አርባውን ቅጽ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ገልበጥ ገልበጥ አደረጉ። ፊታቸው ላይ ደስታ ሲመጣ ያየሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው።

«አርባ! ሃያ ነበር ያልኩሽ እኮ» አሉና እስክሪብቷቸውን አነሡ።

አንድ ትንፋሽ ዝም ብል ያልቅ ነበር።

«አይፈርሙ» አልኩ። «ሁሉም ውሸት ነው።»

እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ከአዳራሹ ጀምሬ ነገርኳቸው። እውነተኛው ዘጠኝ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ያለ ስምና ያለ ቅጽ ከአእምሮዬ የተጻፈ እንደሆነ ስናገር መነጽራቸውን አወለቁ። ያን ጊዜ አለቀልኝ ብዬ፣ የሚቀረኝ ነገር ስለሌለ የዘነበችንም ታሪክ ጨመርኩ።

«ስንት ጠየቀችው?» አሉኝ።

«ምንም።»

«በኋላ የሚጨምርላት ነገር የለም?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን ሰጠችው?»

«አላውቅም።»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። የርዕስ ማጽደቂያውን ስበው የጻፍኩትን ርዕስ በአንድ መስመር ሰረዙና ከሥሩ፣ «ተራ ስለመልቀቅ፦ በአቃቂ ዕቁብተኞች ላይ የተደረገ ጥናት» ብለው በራሳቸው እጅ ጻፉ። ፈረሙ።

«ግን በሳምንት አይሆንም» አሉኝ። «ዓመት ትቀመጫለሽ። ይሄን አርባም እንዳትጥይው፤ ሰው ፊቱ ማን ሲቀመጥ ምን እንደሚል የሚያሳይ ማስረጃ ነው።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። አውቶቡሱ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ተጨባበጥኩ።

አቃቂ ስመለስ በቀጥታ አቶ በርጋ ሱቅ ገባሁ። እትዬ ዘምዘም ሳሙና ሲገዙ ነበር፤ ዘነበችም ከፈረቃ ወጥታ በር ላይ ቆማለች። ተፈረመ! ስል እትዬ ዘምዘም ሳሙናውን ይዘው አቀፉኝ። ለዓመት የምከራየው ክፍል ይፈልጉልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ኪራይ?» ተቆጡ። «የጓሮዋ ባዶ ጎጆ ቁልፍ ተሰቅሎ አላየሽም? ብርድ ልብስሽን ብቻ ይዘሽ ነይ።»

አቶ በርጋ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ያዩኝ ነበር።

«ዕቁብ በወሬ አይታወቅም» አሉ። «ዓመት ከተቀመጥሽ ግቢበት። ግን ደንብ ደንብ ነው። ዋስ አለሽ?»

ባንክ ውስጥ ስድስት ዓመት ሙሉ «ዋስ አምጡ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ራሴም ብያለሁ። የሚባለው ሰው ምን እንደሚሰማው ግን አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። በዚያ ከተማ የስድስት ቀን ሰው ነኝ። እትዬ ዘምዘምን እንዳላስቸግር መሬት መሬት አየሁ።

ዘነበች ከበሩ መጥታ ደብተሯን ከብብቷ አወጣች። ባንኮኒው ላይ ዘርግታ ስሜን ከነአባቴ ጠየቀችኝና በመጨረሻው መስመር ላይ ጻፈችው። ከዚያ ዋስ በሚለው ሥር፣ ማንንም ሳታይ፣ የራሷን ስም ጻፈች።

«ብትጠፊ ድሬዳዋ ድረስ በባቡር ነው የምመጣብሽ» አለችኝ።

አቶ በርጋ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ እንባዬ መጥቶ ነበር። ከሦስት ቀን በፊት ዋሽታኝ የነበረች ሴት ለምን ዋስ እንደሆነችልኝ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። መስከረም ሲጠባ እመለሳለሁ፤ ዓመት ሙሉ አለኝ።